በስኳሽ መኖር ይቻላል? የአንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋች ሥራና ሒሳብ

ስኳሽ ሲያዩት የሚያወሳስብ ነገር የለውም። ሁለት ሰው፣ አራት ግድግዳ፣ ሁለት ራኬትና አንድ ትንሽ ጥቁር ኳስ። አንዱ ኳሷን የፊት ግድግዳ ላይ ይመታታል። ሌላው መሬት ላይ ሁለት ጊዜ ሳትነጥር ይመልሳታል። አንደኛው እስኪያቅተው ድረስ ይቀጥላል። ውስብስቡ ያለው ከኮርቱ ውጭ ነው። ይህን ጨዋታ ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው ገንዘቡን ከየት ያገኛል? ትልልቅ ውድድሮች ውስጥ ማን ያስገባዋል? በዓለም ከመቶዎቹ ምርጦች አንዱ የሆነ ሰውስ ከልምምዱ በኋላ ሰዓት እየቆጠረ ሌሎችን የሚያሠለጥነው ለምንድን ነው?

ነገሩ የሚገባን አንዲት ቁጥር ስናውቅ ነው፤ የዓለም ደረጃ። ከውጭ ሲታይ ተጫዋቹ የሚሮጠው ለሽልማት ገንዘብ ይመስላል። አብዛኛውን የሥራ ዕድሜውን የሚሮጠው ግን ለዚህች ቁጥር ነው። ሽልማቱም፣ ስፖንሰሩም፣ የክለብ ውሉም ከሷ ኋላ ተሰልፈው ነው የሚመጡት።

ስለ ደረጃው ከማውራታችን በፊት ጨዋታው ራሱ ከሰው ምን እንደሚጠይቅ ትንሽ እንይ። ኮርቱ 9.75 ሜትር ይረዝማል፣ ወርዱ 6.4 ሜትር ነው። ትንሽ ናት፤ ችግሩም እሱ ነው። ሁለት ሰው አንድ ጠባብ ቦታ ላይ ይሻማል። ባለሙያዎች የሚጫወቱባት ባለ ሁለት ቢጫ ነጥብ ኳስ ደግሞ ቀዝቃዛ ስትሆን አትነጥርም ማለት ይቻላል። ተደብድባ ካልሞቀች ሕይወት የላትም። ስለዚህ ከጨዋታ በፊት ተጫዋቾች ኳሷን ሲደበድቧት የምናየው ክንዳቸውን ለማፍታታት ብቻ አይደለም።

ከፊት ግድግዳው ግርጌ ቲን የሚሏት ቆርቆሮ ተገጥማለች። በፕሮፌሽናል ውድድር ከፍታዋ 43 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ኳስ እሷን ከነካች ነጥቡ ሄደ። ድምፅዋ አዳራሹን ሁሉ ስለሚሞላ ስህተቱን ማንም ሳያይ አይቀርም። አንድ ነጥብ በቅርብ እንከታተል። ተጫዋቿ ኳሷን በግራ ግድግዳ ታካ ወደ ኋላ ጥግ ትልካታለች። ኳሷ ግድግዳውን ልትነካ ጥቂት ሲቀራት ተጋጣሚዋ ራኬቷን በዚያች ቀጭን ክፍተት ማስገባት አለባት። ኋላ ጥግ ገብታ ትመልሳለች። የመጀመሪያዋ በዚህ መሃል የወለሉ መስመሮች የሚገናኙበትን ቦታ ይዛ ቆማለች። ያ ቦታ ቲ ይባላል። ያን ቦታ የያዘ ሰው ጨዋታውን ይዟል። ከዚያ ሆና ኳሷን ቀስ አድርጋ ፊት ለፊት ከቆርቆሮዋ በላይ ጥቂት ጣት ከፍ አድርጋ ትጥላታለች። ተጋጣሚዋ ከኋላ ጥግ ተነስታ፣ ሰያፍ ሮጣ፣ አንድ እግሯን እስከ መጨረሻው ዘርግታ ጉልበቷን አጥፋ መድረስ አለባት። ደረሰች እንበል። ያን ያህል ከተዘረጋችበት ተነስታ እንደገና ወደ መሃል መመለስ ይጠበቅባታል። ይህ ሁሉ አምስት ስድስት ሰከንድ ነው። ቅብብሉ ግን ሠላሳ፣ አርባ ምት ሊሄድ ይችላል።

አንድ ጌም እስከ 11 ነጥብ ነው፤ 10 እኩል ከሆኑ የሁለት ነጥብ ልዩነት ይፈለጋል። ከአምስት ጌም ሦስቱን የወሰደ ያሸንፋል። ድሮ እስከ 9 ነበር፤ ነጥብ የሚያገኘውም ሰርቭ የያዘው ብቻ ነበር። ስለዚህ ጨዋታው ይጎተት ነበር። በ1983 (እዚህ የማነሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝ ውስጥ ቺቼስተር ላይ የፓኪስታኑ ጃሃንጊር ካንና የግብፁ ጋማል አዋድ ለ2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ተጫውተዋል። የመጀመሪያው ጌም ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። እሱን ያሸነፈው አዋድ ነበር፤ ጨዋታውን የወሰደው ግን ጃሃንጊር ነው። በአዲሱ አቆጣጠር ያጥራል ብሎ የሚያስብ ካለ፣ በ2015 ካናዳ ውስጥ የሆንግ ኮንጉ ሊዮ አውና ካናዳዊው ሾን ዴሊዬር 170 ደቂቃ ፈጅተዋል። ያ ጨዋታ የተካሄደው ደግሞ በትልቅ መድረክ ላይ አልነበረም፤ አነስተኛ ሽልማት ባለው ውድድር ነው።

እዚህ ላይ ነው ወደ ሒሳቡ የምንገባው።

የዓለም አቀፉን ውድድር የሚያስተዳድረው ፕሮፌሽናል ስኳሽ አሶሴሽን ነው፤ በአጭሩ ፒ.ኤስ.ኤ. ይባላል። ከ2015 ጀምሮ የወንዶቹም የሴቶቹም በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። ተጫዋቹ አባል ሆኖ ይመዘገባል፣ ውድድር ላይ ለመግባት ስሙን ያስገባል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ቦታው የሚሰጠው በደረጃ ቅደም ተከተል ነው። በጣም ከታች ላለ ሰው ትልልቆቹ ውድድሮች ዝግ ናቸው። ስለዚህ ቻሌንጀር ከሚባሉት ትንንሽ ውድድሮች ይጀምራል። እዚያ ሲያሸንፍ ነጥብ ያገኛል። ነጥቡ ሲጠራቀም ደረጃው ይወጣል፣ ደረጃው ሲወጣ የተሻለ ውድድር ይከፈትለታል፣ የተሻለው ውድድር ደግሞ ለአንዲት ድል ብቻ ከበፊቱ የበለጠ ነጥብ ይሰጣል።

ለላይኞቹ ጥሩ ነው፤ ከታች ላሉት ግን ወጥመድ አለው። ነጥብ ዕድሜ አለው። ዛሬ የተገኘ ነጥብ የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ነው። ከዚያ ይወድቃል። ባለፈው ዓመት በዚህ ሳምንት ውድድር ያሸነፈ ሰው ዘንድሮ ያንኑ ካልደገመ፣ ምንም ሳያጠፋ ደረጃው ይወርዳል። እንደ አከራይ ነው፤ ቁጥሩን በየዓመቱ ካላደሱት ያስወጣል።

ሌላም ነገር አለ። ስሌቱ ለብዙ ዓመታት የተሠራው በአማካይ ነው። የተሰበሰበው ነጥብ በተጫወቱት ውድድር ብዛት ይካፈላል፤ ጥቂት ብቻ ተጫውቶ አማካዩን ከፍ ማድረግ እንዳይቻል ደግሞ ዝቅተኛ አካፋይ ተቀምጧል። ዝርዝሩ በየጊዜው ይሻሻላል፣ የሚያስከትለው ጭንቀት ግን ያው ነው። በዚህ ሳምንት ብጫወትና በመጀመሪያው ዙር ብሸነፍ ከምጠቀመው የምጎዳው ይበልጣል? ልረፍ ወይስ ልሂድ? የአንድ ተጫዋች ካላንደር የሚሠራው እንዲህ እያሰላ ነው። ከራኬቱ ቀጥሎ ካልኩሌተር የሚያስፈልገው ስፖርተኛ ቢኖር ይሄ ነው።

ሲድ የሚባለውም ከዚሁ የመጣ ነው። ምርጦቹ በመጀመሪያ ዙር እርስ በርስ እንዳይገናኙ በዕጣው ላይ ይራራቃሉ። እኛ የምናየው «በመጀመሪያ ዙር በቀላሉ አለፈ» የሚለውን ዜና ነው። በዚያ በኩል ያለው ወጣት ግን ከትንንሾቹ ወጥቶ ገና ትልቁ ውድድር ሲገባ የሚገጥመው የዓለም ሁለተኛውን ነው። በሠላሳ ደቂቃ ተሸንፎ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። ደረጃው ትንሽ ከፍ ቢል ኖሮ ያው ወጣት ከሚመጥነው ሰው ጋር ይደለደል ነበር። አንድ ሁለት ደረጃ ልዩነት ይህን ያህል ይከፍላል፣ ያስከፍላልም።

አሁን ገንዘቡ። እንበል አንድ ትንሽ ውድድር ጠቅላላ ሽልማቱ 12,000 ዶላር ነው፤ የሚካፈሉትም 24 ተጫዋቾች ናቸው። ይህ ለማስረዳት ያህል ያስቀመጥኩት ምሳሌ ነው። ለአሸናፊው 2,000 ዶላር አካባቢ ደረሰው እንበል። ለሁለተኛው ከዚያ ያነሰ። በሁለተኛ ዙር ለተሸነፈው ጥቂት መቶዎች። ከዚህ ላይ የአውሮፕላን ቲኬት ይቀነስ። ቪዛ ይቀነስ። በብዙ አገር ግብር ገና ከመነሻው ተቆርጦ ነው የሚከፈለው። የራኬት ክር ይበጠሳል፣ ጫማ ያልቃል፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በነፃ አያክምም። አሠልጣኝ ይዞ መጓዝ ለጥቂቶቹ ነው። አሸናፊው ትንሽ ይተርፈዋል። ሌሎቹ የከፈሉት ለነጥቡ ነው ቢባል ይቀላል።

ለዚህ ነው ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ በአንድ ክፍለ ዓለም ተከታታይ ሳምንታት ውድድሮችን አያይዘው የሚመዘገቡት። በአንድ ቲኬት ሁለት ሦስት ዕድል ለማግኘት። ማረፊያውም ሁልጊዜ ሆቴል አይደለም። በትንንሾቹ ውድድሮች የአዘጋጁ ክለብ አባላት ተጫዋቾችን ቤታቸው ተቀብለው ያሳድራሉ። ከባለቤቶቹ ልጆች ክፍል ውስጥ አድሮ ጠዋት ሩብ ፍጻሜ መጫወት በዚህ ሙያ ብርቅ አይደለም። እኔን ከስኳሽ ነገሮች ሁሉ የሚያስገርመኝ ይሄ ነው፤ በዓለም ከመቶዎቹ አንዱ የሆነ የእግር ኳስ ተጫዋች በሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ሲያድር መገመት አይቻልም።

ታዲያ በምን ይኖራሉ? አንዱ ምንጭ የክለብ ሊግ ነው። ጀርመን፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኔዘርላንድስ የቡድን ሊጎች አሏቸው። ክለቡ ተጫዋቹን ለአንድ ምሽት ያስመጣዋል፣ አንድ ጨዋታ ይጫወታል፣ የተስማሙበትን ይቀበላል። ቢሸነፍም ይከፈለዋል፤ ስለዚህ ከሽልማት ይልቅ የሚታመነው ይሄ ነው። ሁለተኛው ማሠልጠን ነው። የክለብ አባላት በሰዓት እየከፈሉ ከባለሙያ ጋር ይጫወታሉ። ሦስተኛው የአገር ፌዴሬሽን ድጋፍ ነው፤ ይህ ካለ ማለት ነው። ስፖንሰር ሲባል ደግሞ ለብዙዎቹ ነፃ ራኬትና ጫማ ማለት ነው። ጥሬ ገንዘብ የሚመጣው ከላይኞቹ ዘንድ ነው። አራቱንም የሚወስነው ያው ቁጥር ነው። ክለቡ ሲቀጥር «ስንተኛ ነህ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ከላይ ያሉትስ? እዚያ ነገሩ ይለያል። በ2019 ቺካጎ የተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ጠቅላላ ሽልማቱ 1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በስኳሽ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ግማሹ ለወንዶች፣ ግማሹ ለሴቶች። እኩል ክፍያ ከዚያ በፊት በ2013 የአሜሪካ ኦፕን ላይ ጀምሮ ነበር። ስኳሽ በዚህ ከብዙ ሀብታም ስፖርቶች ቀድሟል፤ ሊመሰገን ይገባል። በ2017 ደግሞ እዚያው አሜሪካ ኦፕን ላይ ግብፃውያኑ ተጫዋቾች አሊ ፋራግና ባለቤቱ ኑር ኤል ጣይብ በአንድ ቀን ሁለቱም ዋንጫ አነሱ። እኩል ሽልማት የሚከፈልበት ውድድር ስለነበር ከቤት ውስጥ የሚነሳ የገንዘብ ክርክር አልነበረም ማለት ነው።

ተጫዋች ከየት ይመጣል የሚለው ሌላ ታሪክ ነው። ለብዙ ዘመን መልሱ የፓኪስታኗ ከተማ ፔሻዋር ነበር። ሃሺም ካን በእንግሊዝ መኮንኖች ክለብ ኳስ ሲያቀብል አድጎ በ1951 የብሪቲሽ ኦፕንን አሸነፈ። ያኔ ወጣት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ዘመድ አዝማዱ ተከተለ። ጃሃንጊር ካን በ1981 የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን 17 ዓመቱ ነበር። ልጅ እያለ ታማሚ ነበር፤ ሐኪሞች ስፖርት እንዳይሠራ ከልክለውት ነበር። ወንድሙ ቶርሳም በ1979 አውስትራሊያ ውስጥ በውድድር ላይ ሳለ ልቡ ቆሞ ሞተ። ጃሃንጊር ያን ጊዜ ጨዋታውን ሊተው ነበር። ከ1981 በኋላ ለአምስት ዓመት ተኩል ያህል ማንም አላሸነፈውም፤ በ1986 ቱሉዝ ላይ የኒውዚላንዱ ሮስ ኖርማን እስኪጥለው ድረስ።

ዛሬ መልሱ ግብፅ ነው። ካይሮና እስክንድርያ። እዚያ ያሉት ትልልቅ ክለቦች ውስጥ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ልምምዱን ሲጨርስ የጎን ኮርቱ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሲሠራ ያያል። አንዳንዴም አብሮት ይመታል። ከ1996 ጀምሮ ደግሞ በጊዛ ፒራሚዶች ሥር የመስታወት ኮርት ተተክሎ ውድድር ሲካሄድ አይተዋል። የእስክንድርያዋ ኑር ኤል ሸርቢኒ በ2009 የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን የሆነችው በ13 ዓመቷ ነው። በ2025 ስምንተኛ የዓለም ዋንጫዋን አንስታ የማሌዢያዋን ኒኮል ዴቪድ ሪከርድ ተስተካከለች። ዴቪድ ራሷ ለዘጠኝ ዓመታት ያለማቋረጥ የዓለም አንደኛ ነበረች። ያን ቁጥር በየዓመቱ ማደስ ምን ማለት እንደሆነ ከላይ ላነበበ ሰው ይሄ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባዋል።

ግን አንድ አገር ብዙ ምርጥ ሲያፈራ ለልጆቹ መውጫው ይጠባል። የብሔራዊ ቡድን ቦታ አራት አምስት ነው። ሞሐመድ ኤልሾርባጊ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ በ2022 ለእንግሊዝ መጫወት ጀመረ፤ እንግሊዝ ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ተምሮ ኖሯል።

ሌላው መንገድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ ያሉ ታዋቂ ኮሌጆች የስኳሽ ቡድን ስላላቸው ጎበዝ ወጣቶችን ከመላው ዓለም ይፈልጋሉ። ሐርቫርድ የተማረው አሊ ፋራግ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ጨርሶ ነው ሙሉ በሙሉ ወደ ጨዋታ የገባው። ድሮ አራት ዓመት በትምህርት ያጠፋ ሰው ዘግይቷል ይባል ነበር። ፋራግ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ያን ወሬ ዘጋው። በእኔ ግምት ለወላጆች ከዚህ የተሻለ ማሳመኛ የለም፤ ስኳሹ ባይሳካ ዲግሪው አለ።

የሰውነት ነገር ግን ለማንም አይራራም። ያ እግርን ዘርግቶ መድረስ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም ዳሌን፣ ጉልበትንና የተረከዝ ጅማትን ይበላል። አሜሪካዊቷ አማንዳ ሶብሂ በ2017 የአንድ እግሯ ጅማት ተበጠሰ፤ አገግማ ወደ ላይኞቹ ተመለሰች። በ2023 ደግሞ የሌላው እግሯ ተበጠሰ። ግብፃዊው ራሚ አሹር ምናልባት ሰው ካያቸው ተጫዋቾች ሁሉ እጁ እጅግ የረቀቀ ነበር። በ2014 ዶሃ ላይ ለስድስት ወር ያህል ከውድድር ርቆ ቆይቶ ተመለሰና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። አምስተኛውን ጌም 14 ለ12 ነበር የጨረሰው። ከዚያ ግን ጉዳቱ አልለቀቀውም፤ በ2019 በ31 ዓመቱ አቆመ። የተጎዳ ተጫዋች ደመወዝ የለውም። ፌዴሬሽኑ ካልደገፈው ወይም ያጠራቀመው ከሌለ ገቢው በዚያው ቀን ይቆማል፣ ነጥቡም መርገፍ ይጀምራል። ለረጅም ጉዳት ደረጃን የሚጠብቅ ደንብ አለ፤ የቤት ኪራይ የሚከፍል ደንብ ግን የለም።

ዳኝነቱንም በአጭሩ ላንሳ። ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ስለሚሻማ መደናቀፍ አይቀርም። ዳኛው ሦስት ውሳኔ አለው፤ ይደገም፣ ነጥቡ ለተከለከለው ይሰጥ፣ ወይም ምንም የለም። አዲስ ተመልካችን ከምንም በላይ የሚያደናግረው ይሄ ነው። ትልልቆቹ ውድድሮች ላይ ተጫዋቹ ውሳኔው በቪዲዮ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። ትንንሾቹ ላይ ግን ካሜራው የለም፤ ጨቅጭቆ ዝም ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ይገባሉ? የፈረንሳዩን ግሪጎሪ ጎልቲዬን ልጥቀስ። በ2006 በጊዛ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ላይ አውስትራሊያዊውን ዴቪድ ፓልመርን ሁለት ለባዶ ይመራ ነበር። ዋንጫውን ለማንሳት አንድ ነጥብ ብቻ የቀረበት ጊዜ ነበር። አራተኛውን ጌም 16 ለ14 ተሸነፈ፤ አምስተኛው 11 ለ2 አለቀ። 23 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በ2007፣ በ2011 እና በ2013 ፍጻሜ ደርሶ ሦስቱንም ተሸነፈ። በመሃል ግን ከላይኞቹ አልወረደም፤ በየዓመቱ ነጥቡን እያደሰ ቆየ። በ2015 አሜሪካ ውስጥ ቤልቪው ላይ በ32 ዓመቱ አሸነፈ። አንድ ዋንጫ፣ ዘጠኝ ዓመት።

ይህን ሁሉ ሒሳብ አሁን እየቀየረው ያለው ኦሊምፒክ ነው። ስኳሽ ለ2012፣ ለ2016ና ለ2020 ጠይቆ ሦስቴ ተከለከለ። ለ2020 የተሸነፈው ከኦሊምፒክ ወጥቶ ለነበረው ለትግል ስፖርት ነበር። ጥቅምት 2023 በአውሮፓ አቆጣጠር ሙምባይ ላይ ግን ለሎስ አንጀለስ 2028 ተፈቀደ። ለተጫዋች ይህ ከሜዳሊያው በላይ ነው። በብዙ አገር የመንግሥት የስፖርት በጀት የሚከተለው ኦሊምፒክን ስለሆነ፣ እስካሁን ከኪሱ ሲጓዝ የነበረ ሰው ደመወዝ፣ ሐኪምና አሠልጣኝ ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው። የሚሰለፉት ግን 16 ወንድና 16 ሴት ብቻ ናቸው።

ለአንዳንዶቹ ዘግይቷል። ኒኮል ዴቪድ በ2019 አቁማለች። አሊ ፋራግ በግንቦት 2025 ቺካጎ ላይ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜን በአገሩ ልጅ በሞስጠፋ አሰል ተሸንፎ ብዙም ሳይቆይ በ33 ዓመቱ ራኬቱን አስቀመጠ፤ ኦሊምፒኩ ሦስት ዓመት ሲቀረው። አሁን ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት የሆናቸው ደግሞ የትኛውን ውድድር እንደሚመዘገቡ፣ መቼ እንደሚያርፉ፣ ለየትኛው አገር እንደሚጫወቱ ሲያስቡ 2028ን ከፊታቸው አስቀምጠው ነው።